ኮዚ ሚስትሪ ምንድን ነው? ድመቱ መርማሪ አይደለም

«እንስሳ ያለበት ኮዚ ሚስትሪ ማለት ድመት ገዳይ የሚይዝበት የልጆች ተረት ነው» የሚለውን ማብራሪያ ሰሞኑንም ከአንድ የመጻሕፍት ተንታኝ ሰማሁ። ተሳስቷል፤ ስህተቱም የዘውጉን ዋና ብልሃት የሚሸፍን ነው።

ኮዚ ሚስትሪ የወንጀል ልብ ወለድ ዓይነት ነው፤ መለያዎቹም ትንሽ ከተማ፣ የሚተዋወቁ ነዋሪዎች፣ ፖሊስ ያልሆነ መርማሪ፣ ደሙ በዝርዝር የማይታይ ግድያ፤ እዚህ ላይ አልቆይም። ሰው ግን የምር ይገደላል፣ ገዳዩም ትናንት ሰላም ያሉት ጎረቤት ነው። ለልጆች የተጻፈ አይደለም።

ወደ ድመቱ ልምጣ። የደራሲዋ የሊሊያን ጃክሰን ብራውን ኮኮ እ.ኤ.አ. በ1966 የታየ የሲያም ድመት ነው። ከመደርደሪያ መጽሐፍ ገፍቶ ይጥላል። ጋዜጠኛው ክዊለራን ያነሳዋል፣ ይመልሰዋል፤ ነገሩ የሚገባው ኋላ፣ ከሰው አፍ ሌላ ወሬ ሲሰማ ነው። ኮኮ ገዳዩን ቢጠቁም ኖሮ ታሪኩ በሁለተኛው ምዕራፍ ባለቀ ነበር። 

እንስሳው ቡና በሚፈላበት ቤት ጥግ እንደተቀመጠ ሕፃን ነው። የጎረቤት ጉድ ሲወራ ማንም ለእሱ ብሎ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ማን እንደቀረ፣ የማን ነጠላ እርጥብ እንደነበረ ያያል። የሚያወጣው ግን ባልተጠየቀበት ሰዓት፣ ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ መገጣጠሙ የአዋቂ ፋንታ ነው። ሕፃኑን በከረሜላ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ውሻንም በሥጋ። ጎበዝ ደራሲ ግን ሥጋው ከየት እንደመጣ ያስጠይቃል።

ተንታኙ «የሌላዋ የኮዚ ደራሲ የሪታ ሜ ብራውን እንስሳትስ ያወሩ የለም ወይ?» ይል ይሆናል። ያወራሉ፤ እርስ በርሳቸው። ባለቤታቸው አትሰማቸውም፣ ስለዚህ ማስረጃውን ራሷ መፈለግ አለባት።

እ.ኤ.አ. በ1892 በወጣው የኮናን ዶይል ታሪክ ውስጥ የፈረስ ጋጣው ውሻ በሌሊት ሳይጮህ ይቀራል። መርማሪው ሸርሎክ ሆልምስ ከዝምታው ተነስቶ የገባው ሰው ውሻው የሚያውቀው መሆኑን ይደርስበታል። ውሻው ምንም አልፈታም። ታሪኩ ኮዚ አይደለም፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

ዘዴውን ወደ ኮዚ ከተማ ሲያመጡት ግን ችግር አለ፦ ውሻው ሁሉንም በሚያውቅበት ሰፈር ዝምታው ማንንም አይለይም። እዚያ የሚቆጠረው የተለወጠ ልማድ ነው። በየማለዳው ዳቦ የምትቆርስለት ሴትዮ ስትመጣ ውሻው አልጋ ሥር ከገባ፣ አንባቢው መያዝ ያለበት ይህንን ነው። ደራሲውም አስቀድሞ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ውሻው ጭራውን እየቆላ ሲቀበላት ማሳየት አለበት፤ አለዚያ ፍንጩን ከአንባቢ መደበቅ ይሆናል።