ባሕር ውስጥ የገባው ካርቦን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኃይል ማመንጫ፣ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ አየር ላይ አይቀርም። ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይውጠዋል። የሚወራው ግን ስለ ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

«ባሕሩ አሲድ አልሆነም፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል?»

አልሆነም፣ እውነት ነው። የላይኛው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 8.1 አካባቢ ነው፤ ከ7 በላይ የሆነ ሁሉ ደግሞ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። የሰው ደም ፒኤችም 7.4 ገደማ ነው። ወደ 7.2 ቢወርድ ደሙ አሁንም አልካላይን ነው፤ ሰውየው ግን በጽኑ ታሟል። አሲዳማነት ጨመረ የሚባለው ወደዚያ አቅጣጫ መሄዱን ለመግለጽ ነው።

«ከ8.2 ወደ 8.1 መውረድ ኢምንት ነው።»

የፒኤች መለኪያ እንደ ሜትር እኩል እየተከፈለ አይሄድም። አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነትን የሚፈጥረው የሃይድሮጅን አዮን መጠን 10 እጥፍ ያድጋል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የታየው የ0.1 ቅናሽም ከሩብ በላይ ጭማሪ ማለት ነው።

«ጉዳቱ ዛጎል ሲሟሟ ነው፤ ያ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።»

ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ዛጎሉ ሳይሠራ ነውና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ከዚያ የሚለቀቀው የሃይድሮጅን አዮን ባሕሩ ውስጥ ያለውን ካርቦኔት ይይዘዋል። ካርቦኔት ደግሞ ኮራልም ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳም ቤታቸውን የሚገነቡበት ጥሬ ዕቃ ነው። ከ2007 ጀምሮ ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የባሕር ዳርቻ ኦይስተር የሚፈለፈልበት ጣቢያ ዕጮቹ በገፍ አለቁበት። መጀመሪያ የተጠረጠረው ባክቴሪያ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ነፋስ ከጥልቁ የሚያወጣው ቀዝቃዛና ካርቦን የበዛበት ውሃ ወደ ገንዳዎቹ ይገባ ነበር። የኦይስተር ዕጭ በሕይወቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከእንቁላሉ በወረሰው ስንቅ ብቻ ዛጎሉን መሥራት አለበት። ውሃው ሥራውን ሲያከብድበት፣ መመገብ ሳይጀምር ስንቁ ያልቃል። ሠራተኞቹ አሁን ውሃውን እየለኩ አሲዱን የሚያለዝብ ሶዲየም ካርቦኔት ይጨምሩበታል። ገንዳን እንዲህ ማዳን ይቻላል፤ ውቅያኖስን ግን በዚህ መንገድ እናድናለን ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

«የባሕር ሣር በካርቦን ይፋፋል፤ ጥቅምም አለው።»

ሣሩስ ይፋፋል። ጣሊያን ውስጥ በኢስኪያ ደሴት አጠገብ ከእሳተ ገሞራ የሚመነጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል አረፋ እየሆነ ይወጣል። አረፋው በበዛበት ሣሩ ለምለም ነው፤ የቀንድ አውጣዎቹ ዛጎል ግን ተበልቷል፣ ድንጋያማ ኮራል የለም።

«ጥንትም ካርቦን ብዙ ነበር፤ ባሕሩ ቻለው።»

ዋናው ፍጥነቱ ነው። ከዓለት እየታጠበ ወደ ባሕር የሚገባው ማዕድን አሲዱን ያለዝባል፤ ለዚህ ግን ብዙ ሺህ ዓመታት ያስፈልጉታል። ከ56 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በሺዎች ዓመታት ውስጥ የተለቀቀ ካርቦን እንኳ በጥልቁ ወለል የሚኖሩ ብዙ ደቂቅ ፍጥረታትን አጥፍቷል። እኛ ግን ካርቦኑን የለቀቅነው በ200 ዓመት ገደማ ውስጥ ነው።

«ምድርን ካቀዘቀዝን ሁሉም ይስተካከላል።»

የፀሐይን ብርሃን በመጋረድ ሙቀትን እንቀንስ የሚሉ አሉ። ብርሃን መጋረድ አየር ላይ ያለውን ካርቦን አያነሳም፤ እንዲያውም ቀዝቃዛ ውሃ ጋዙን አብልጦ ያሟሟል። የ2015ቱ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ስምምነት፣ የፓሪስ ስምምነትም ግቡን ያስቀመጠው በሙቀት ዲግሪ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ሚቴን የተባለውን ሌላ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ቀንሶ ለግቡ ሊረዳ ይችላል፤ መልካም ነው፣ ይቀንስ። የባሕሩን ፒኤች የሚወስነው ግን በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መንግሥታት የልቀት ዕቅድ ሲያወጡ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣውን ለብቻው ቆጥረው፣ በየስንት ዓመቱ ስንት እንደሚቀንሱ እንዲናገሩ ልንጠይቃቸው ይገባል።