በወሎ የመምረጥ መብትና የሕዝብ ተሳትፎ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ወሎ ዛሬ አንድ አስተዳደር አይደለም። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ሌሎችም ተብሎ ተከፋፍሏል። ሕዝቡ ግን ስለ ጋራ ጉዳይ ለመምከር የሚሰባሰብበት መንገድ ከዞን ከዞን ብዙም አይለያይም። የድምፅ መስጫ ሳጥን ከመምጣቱ በፊት የነበረ መንገድ ነው፤ ሳጥኑ ከመጣም በኋላ አልጠፋም።

መሠረቱ ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር እንደሚለው ሰው ሲሞት የሚቀብር ማኅበር ነው፤ በወሎ ገጠር ግን ሥራው ከዚያ ይሰፋል። አባላቱ ዳኛቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። የቀረ ይቀጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ መንገድና ምንጭ ይጠገናል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቆፍራል፤ ይህ ወሎዬ የሚኮራበት ነገር ነው፣ ቢኮራም ይገባዋል። መንግሥታትም የቅሬን ጉልበት ስለሚያውቁ ለግብርም ለስብሰባም ተጠቅመውበታል። በዚህ ምክንያት የቅሬ ዳኛ አንዳንዴ የሕዝቡ ተወካይ፣ አንዳንዴ የቀበሌው መልእክተኛ ሆኖ ይገኛል። ደም የተቃቡትን ለማስታረቅ ደግሞ አባጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ በራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባል የእርቅ ሥርዓት አለ።

ዘመናዊው ምርጫ የመጣው በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ በ1950 ተካሄደ። ሴቶችም መምረጥ ተፈቀደላቸው። ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ለመመረጥ ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው መምረጥ እንጂ መመረጥ አይሞክራትም።

የዚህ ሥርዓት ጉድለት እንደ 1965 ፍጥጥ ብሎ የታየበት ጊዜ የለም። ዝናቡ ቀርቶ ሰብሉ ጠፍቶ ነበር። ሰው ከየቀዬው እየወጣ ደሴንና ወልዲያን በሚያገናኘው ዋና መንገድ ዳር ተኮለኮለ። መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ፈለገ። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ የተነሡ ገበሬዎችን ፖሊስ እንደመለሳቸው ተጽፏል። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ተመለሱ፤ ፎቶው በግቢው ለእይታ ሲቀርብ ተማሪው ተቆጣ። ረሃቡ ሳያባራ፣ በሰኔ 1965፣ አምስተኛው የምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ድምፁን የሚሰማለት ግን አልተገኘም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን ሲያሳይ ዓለም አወቀ። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይባላል። በ1966 የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ባለሥልጣናቱን ስለዚሁ ረሃብ ጠይቋል። ዘውዱን ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ወሎ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም በዚህ ታሪክ ቦታ አለው። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመ ነው። ከተማሪዎች ንቅናቄ ታዋቂ ሰዎች አንዱ የነበረው ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚያ ነው። በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ያስመሰግነዋል የሚሉ አሉ፣ ያስወቅሰዋል የሚሉም አሉ። አገርን ሙሉ ያነጋገረ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1979 ለ835 መቀመጫዎች የብሔራዊ ሸንጎ (የዘመኑ ፓርላማ) ምርጫ ተደረገ፤ ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል። የ1997ቱ ምርጫ እውነተኛ ፉክክር የታየበት ነበር። ከዚያ በኋላ መድረኩ ጠበበ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ከውጭ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። በ2007 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ጠቅልለው ወሰዱ።

በዚህ መሐል ወሎ ውስጥ ትልቁ የምርጫ ጥያቄ የተነሣው በመስጊድ ነው። በ2004 የተጀመረው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች ንቅናቄ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) መሪዎች በነፃ ምርጫ፣ ያውም በመስጊድ፣ እንዲመረጡ ነበር። መንግሥት ምርጫው በቀበሌ እንዲሆን አደረገ፤ ብዙዎች አልመርጥም አሉ። ደሴ ከተቃውሞው ዋና ማዕከላት አንዷ ነበረች። በጥቅምት 2005 በቃሉ ወረዳ፣ ገርባ ላይ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ሰልፈኛው ፖሊስ ጣቢያ አጠቃ አለ። ነዋሪዎች ደግሞ ፖሊስ ተኮሰብን ይላሉ። ጥያቄው ግን ቀላልና ሕጋዊ ነበር፦ የራሳችንን መሪ እኛው እንምረጥ።

የራያ ጉዳይ ሌላው ነው። አላማጣና ኮረም ድሮ በወሎ ሥር ነበሩ። በ1980ዎቹ ወደ ትግራይ ከተካለሉ በኋላ የማንነት ኮሚቴዎች ተነሡ፤ ሁለቱ ክልሎች ዛሬም ይወዛገባሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ላይ ክልሎቹ ካልተስማሙ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ እንዲወስን ይላል። የነዋሪው ፍላጎት ሳይጠየቅ የሚሰጥ ውሳኔ ግን አያዛልቅም።

ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደግሞ ሐይቅ አጠገብ ጃሪን በመሰሉ መጠለያዎች ተሰባሰቡ። የምርጫ ሕጉ ለተመዝጋቢ በአካባቢው የስድስት ወር ነዋሪነት ይጠይቃል፤ ለተፈናቃይ፣ ለወታደርና ለተማሪ ግን ልዩ ጣቢያ ማቋቋም ይፈቅዳል። መታወቂያው ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው በዚህ መብት እንዲጠቀም ምዝገባው መጠለያው ድረስ መሄድ አለበት።