ሁለት ሰርቨር ስላለን አንወድቅም? ስለ ፌይልኦቨር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባህር ዳር ጣና ዳር ላሉ ሆቴሎች ሲስተም እሰራለሁ። ፌይልኦቨር፣ ማለትም አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ስራውን ሚረከብበት አሰራር፣ ሲነሳ ሁሌ ምሰማቸውን ላንሳ።

«ሁለት ሰርቨር ገዝተናል አለቀ።» አላለቀም! ባለፈው ክረምት አንድ ሆቴል ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ ሚያቆይ ባትሪ) እና አንድ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች ሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ነበሩ፣ መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ ሳይነሳ ዩፒኤሱ አለቀና ሁለቱም እኩል ጠፉ፣ የዘጌ ጀልባ ሚጠብቁ እንግዶች ቆመው ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ደብተር አውጥታ በእጇ መመዝገብ ጀመረች። ሁለተኛው ሌላ ዩፒኤስ፣ ሌላ ስዊች፣ ከተቻለም ሌላ ክፍል ይሁን።

«ፒንግ ከመለሰ ይሰራል።» ፒንግ ማሽኑን በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፣ ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ ቆሞም ማሽኑ ፒንግ ይመልሳል። ሰርቨሩ መስራቱን ሚያጣራው ቼክ እውነተኛ ገጽ ይክፈት ወይ ዳታቤዙን አንድ ነገር ይጠይቅ።

«ሲቀያየር ማንም አያውቅም።» በኪፕአላይቭድ (አይፒውን፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻውን፣ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሚያዛውር ሶፍትዌር) ከሰራችሁት ዋናው በየ1 ሰከንዱ አለሁ ይላል፣ ከ3 ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ተጠባባቂው አይፒውን ይወስዳል፣ ግን ተከፍተው የነበሩ ኮኔክሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጣሉ ስለዚህ አፕሊኬሽኑ ራሱ ድጋሚ መሞከር መቻል አለበት። በዲኤንኤስ (የሳይቱን ስም ወደ አይፒ ሚቀይረው) ከሆነና ቲቲኤሉ (የተገኘው አይፒ ተይዞ ሚቆይበት ጊዜ) 3600 ሰከንድ ከሆነማ አንዳንዱ ሰው እስከ 1 ሰዓት የሞተውን አይፒ ሲያንኳኳ ይቆያል።

«ዳታው ሁለቱም ጋ ስላለ ባክአፕ አያስፈልግም።» ሰው በስህተት ያጠፋው ወዲያው እዛም ይጠፋል፣ በቃ።

ከሁሉም ሚያስፈራኝ ግን «ሁለት ማሽን ይበቃል» ሚሉት ነው። በመሃላቸው ያለው ኬብል ቢቆረጥ ሁለቱም ደህና ሆነው አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ ያስባል፣ ሁለቱም ዋና ነኝ ይላሉ፣ ሁለቱም ቡኪንግ ይቀበላሉ፣ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ይሸጣል፣ ኬብሉ ሲመለስ የቱ ዳታ ትክክል እንደሆነ ሚፈርድ የለም። ስፕሊት ብሬን ሚባለው ይሄ ነው። መፍትሄው ሶስተኛ ድምፅ ሰጪ መጨመር ነው፣ ዳታ ባይዝም ትንሽ ማሽን ይበቃል፣ ከ3ቱ 2ቱ ካልተስማሙ ማንም ዋና አይሆንም።

«አንዴ ከተሰራ ተሰራ» ለሚሉትም፦ እኛ አሁን በየወሩ እንግዳ በማይበዛበት ሰዓት የዋናውን ኬብል ሆን ብለን እንነቅላለን። ሶስተኛው ሙከራ ላይ የተጠባባቂው ሰርቨር ሰርተፍኬት (ብራውዘር ሰርቨሩን እንዲያምነው ሚያደርገው ማረጋገጫ) ኤክስፓየር ማድረጉን አየን፣ ሳንነቅል ብንተወው ኖሮ ጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ጢም ብሎ ነበር ምናውቀው።