የማርሽ ባንድ የናስ መሣሪያዎች ጥራት እንዴት ይመዘናል? ከመሐል አዲስ አበባ አደባባዮች አንጻር

ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ባሪቶን፣ ሜሎፎንና ሱሳፎን (በትከሻ ላይ የሚጠመጠም ትልቁ የባስ መሣሪያ) የማርሽ ባንድ ዋና ዋና የናስ መሣሪያዎች ናቸው። የሚነፉት በእርምጃ ላይ፣ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ በሌለበት ስፍራ ነው፤ በመሐል አዲስ አበባ ይህ ስፍራ በተለይ መስቀል አደባባይ፣ በፒያሳ የምኒልክ አደባባይና ጃንሜዳ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ለብቻው ሲነፋ የሚማርክ መሣሪያ በሰልፍ ላይ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የናስ ባንድ በከተማዋ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት ወላጆቻቸውን ያጡ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦርና የማዘጋጃ ቤት ባንዶችም በየዘመናቸው ከሰልፍ ማርሽ አልፈው ለከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ ተጫዋቾችን አፍርተዋል።

በንጽጽር መጀመሪያ የሚታየው ብረቱ ነው። የተለመደው ቢጫ ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ 85 በመቶና ከዚያ በላይ መዳብ ያለው ናስ ቀላ ይላል፤ ዚንኩ በእርጥበት ተሟጥጦ እንዳይወጣም የተሻለ ይቋቋማል። በየቀኑ ትንፋሽና ምራቅ የሚያልፍበት፣ ከማውዝፒሱ (ከንፈር ከሚያርፍበት የመንፊያ ክፍል) ቀጥሎ ያለው ቱቦ ከዚህ ቀይ ናስ ቢሠራ መልካም ነው። በአሮጌ መሣሪያ ላይ በቫርኒሹ ሥር ሮዝማ ነጠብጣቦች ከታዩ ቱቦው ከውስጥ መበላት ጀምሯልና ዋጋው ቢረክስም ባይገዛ ይሻላል። የብርም ሆነ የቫርኒሽ ሽፋን ከውበትና ከጥንካሬ በቀር በውሳኔው ላይ ብዙ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

ቀጥሎ የሚፈተሹት ፒስተኖቹ፣ ማለትም በጣት ሲጫኑ አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚያሳልፉት ክፍሎች ናቸው። ፒስተን ከሚሠራባቸው ብረቶች መካከል የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ የሆነው ሞኔል ዝገትን በመቋቋም የታወቀ ነው። ፒስተኑ ከማቀፊያው ጋር በትክክል መገጣጠሙን ለማወቅ ፒስተኑ ሳይጫኑ የራሱ ተንሸራታች ቱቦ ተስቦ ከተያዘ በኋላ ፒስተኑ ይጫናል፤ «ጷ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ከተሰማ አየር አያመልጥም። በትራምፔት ላይ 1ኛውና 3ኛው ፒስተን አንድ ላይ ሲጫኑ የሚወጣው ድምፅ በተፈጥሮው ከቅኝቱ ከፍ ስለሚል፣ የ3ኛው ፒስተን ቱቦ በእርምጃ ላይ ሳይቀር በጣት በቀላሉ የሚሳብ መሆን አለበት።

ለአዲስ አበባ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ቅኝት ነው። የመሣሪያውን ቅኝት የሚለውጠው የከተማዋ ከፍታ ሳይሆን የአየሩ ሙቀት ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ 3 ሴንት ያህል ይወርዳል፤ አንድ ሰሚቶን (በሁለት ጎረቤት ኖታዎች መካከል ያለው ግማሽ ድምፅ) 100 ሴንት ነው። በጥር ወር፣ በጥምቀት ማለዳ ብርድ የተቃኘ ባንድ ቀትር ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ስለዚህ ነው። ለውጡም እኩል አይደለም፤ 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የትራምፔት ቱቦ የተጫዋቹ ትንፋሽ ቶሎ ሲያሞቀው፣ 5.5 ሜትር የሚጠጋው የሱሳፎን ቱቦ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል፤ ባሱ ዝቅ፣ ዜማው ከፍ ይላል። ዋናው የቅኝት ቱቦ በቂ መሳቢያ ያለው መሆኑን ሳያዩ ሱሳፎን መምረጥ፣ በእኔ ግምት፣ ባንድ ሊሠራው ከሚችለው ስህተት ሁሉ የከፋው ነው።

ሱሳፎን በአሜሪካዊው የባንድ መሪ በጆን ፊሊፕ ሱሳ ሐሳብ መነሻነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የተሠራ ነው። የኮን ፋብሪካ 20ኬ የተባለው የሱሳፎን ሞዴል በሙሉ ድምፁና በአጭር የፒስተን ጉዞው ይወደሳል፤ ይሁንና የናስ ሱሳፎን ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን የጥቁር አንበሳንና የቸርችልን ዳገት ተሸክሞት ለሚወጣ ወጣት ከባድ ነው። ፋይበርግላሱ ይቀላል፤ ድምፁ ግን ቀጠን ይላል። ለታዳጊዎች ባንድ የቀለለው ቢመረጥ ጉዳት የለውም፤ የደከመ ትከሻ ትንፋሹንም ያሳጥራልና።

ትክክለኛ ንጽጽር ለማድረግ አንድ ተጫዋች በራሱ ማውዝፒስ ሁሉንም መሣሪያዎች በየተራ ከቤት ውጭ ይነፋል፤ አድማጮች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ራቅ ብለው በመቆም የሰሙትን ይመዘግባሉ። ከዚያም የተመረጡት ከቀሩት የባንዱ መሣሪያዎች ጋር አንድ ላይ ተነፍተው፣ ድምፃቸው መዋሃዱ ይታያል።