አቮካዶ ቡና አይደለም፤ ከምርጥ ዛፍ የተወሰደ ዘር ምርጥ ዛፍ አይወጣውም

ጅማ ውስጥ «ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ከሚያፈራው ዛፍ ዘር ወስጄ ተከልኩ» የማይል ባለጓሮ ጥቂት ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ጠብቆ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዛፍ ነው።

እምነቱ የመጣው ከቡና ነው። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች ከተመረጡ እናት ዛፎች ተነስተው በዘር የተባዙትም ለዚህ ነው። የአቮካዶ አበባ ግን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ መጀመሪያ በሴቴነት፣ ቀጥሎ በወንዴነት። በዚህ መሀል ንብ የጎረቤቱን ብናኝ ታመጣለች። ዘሩ ከእናቱ የሚወስደው የዘረመሏን ግማሽ ብቻ ነው፤ እናቲቱን ምርታማ ያደረገው ቅንጅትም ያኔ ይበተናል። ጅማ ሄርማታ ገበያ አንድ ክምር አቮካዶ እዩ፤ አንገታሙ፣ ክቡ፣ ጭረታሙ ሁሉ አብሮ ተከምሯል።

ደግሞ የፍሬ ብዛት ሁሉ ከዘር አይመጣም። ማድ ቤት ጥግ የቆመ ዛፍ አመድና እጣቢ ሲጠጣ ይኖራል። አቮካዶ አንድ ዓመት አብዝቶ በሚቀጥለው ስለሚያርፍም በአንድ ወቅት አይመዘንም። ቢያንስ አራት ዓመት በኪሎ መዝኑ፤ የምታወዳድሩትም ተመሳሳይ አፈር ላይ ካለ እኩያው ጋር ይሁን።

ከተመረጠው ዛፍ የሚወሰደው ቀንበጥ ነው፤ ቀንበጥ የእናቱን ዘረመል ሙሉውን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ በዓለም ያለው ሃስ የተባለው የአቮካዶ ዝርያ ሁሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከበቀለ አንድ ዛፍ በዚህ መንገድ የተባዛ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከዘር የበቀለ የአቮካዶ ችግኝ እንደ እርሳስ ሲወፍር ከአፈር 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጡና መሀሉን 3 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ። ቀንበጡ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ይሁን። ግርጌውን በስለታም ቢላ በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ጥረቡና አስገቡ። ቀንበጡ ከቀጠነ መሀል ላይ አታስቀምጡት፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ጎን ካልገጠመ ይደርቃል። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጥላ ሥር አቆዩት። የጅማ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል።

እንዲህ የተጣበቀው ችግኝ «የተዳቀለ» መባሉ ብዙዎችን ያሳስታል፤ እዚህ የሁለት ዛፍ ዘር አይቀላቀልም፣ አንዱ በሌላው ሥር ላይ ይኖራል እንጂ።

«ወንድ አቮካዶ ነው፣ አያፈራም»? ወንድ አቮካዶ የለም። ዕድሜውን፣ ጥላውንና ያፈሰሳችሁበትን ዩሪያ እዩ።

«የተዳቀለ ቶሎ ይሞታል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የውሃ ጥፋት ነው። ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት፤ የተጣበቀበትንም ቦታ አፈር አታልብሱት።