የጎርፍ መኪና ምንድን ነው? ክላሲክ ስፖርት መኪና በጨረታ ለምታዩ

ፎቶው ላይ መኪናው ያምራል። እ.ኤ.አ. የ1973 ሞዴል ፖርሽ 911 የተባለው የጀርመን ስፖርት መኪና ነው እንበል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጎማው ተወልውሏል፣ የጨረታው መነሻ ዋጋ ደግሞ ከደህናው 911 በጣም ያነሰ ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ጎርፍ»። ብዙ ሰው ይቺን ቃል ያያትና «ታጥቦ ደርቋል እኮ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?» ብሎ ያልፋታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

የጎርፍ መኪና ሲባል ዝናብ የመታው ወይም ኩሬ አቋርጦ ያለፈ መኪና ማለት አይደለም። ውሃ ከወለሉ በላይ ገብቶበት የቆየ መኪና ነው። ብዙውን ጊዜ የመድን ድርጅቱ ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ጋር አልመጣጠን ሲለው ለባለቤቱ ካሳውን ይከፍልና መኪናውን ይረከባል። ከዚያ በጨረታ ይሸጠዋል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ትልቅ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና፣ በ2012 ሳንዲ፣ በ2017 ሃርቪ፣ በ2022 ኢያን የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሲመቱ ውሃ የዋጠው መኪና ብዛት ይህ ነው አይባልም። ከዚያ መሃል ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙ ክላሲኮችም ነበሩ።

አሁን በየቦታው ወደሚሰማው አንድ አባባል ልምጣ። «አሮጌ መኪና ኮምፒውተር የለውም፣ ስለዚህ ውሃ አይጎዳውም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኢያን ሲመታ ፍሎሪዳ ኔፕልስ ውስጥ አንድ ቢጫ ማክላረን ፒ1 የተባለ ዘመናዊ ስፖርት መኪና ከጋራዡ ተጠርጎ ወጥቷል። በዓለም ላይ 375 ብቻ ከተሠሩት አንዱ ነው፣ ሃይብሪድ ነው (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ይሄዳል)፣ ባትሪና ኮምፒውተር የሞላበት ነው፣ የጨው ውሃ እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይጠፋውም። የ1973ቱ 911 ይሄ ሁሉ የለበትም። ግን የእሱ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ላሜራው ውስጥ ነው።

ከበሩ ሥር ያለውን አግዳሚ አካል አስቡት። ጠጣር ብረት ይመስላል እንጂ ውስጡ ክፍት የሆነ የላሜራ ሳጥን ነው። የመኪናው ጥንካሬ በአብዛኛው እሱ ላይ ነው የቆመው። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በየቀዳዳው ይገባል፤ ብቻውንም አይገባም፣ ደለል ይዞ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ደለሉ ግን ታች ይተኛና ለወራት እርጥበት አምቆ ይይዛል። ያ ላሜራ ከውስጥ በኩል መከላከያው ትንሽ ነው። ፖርሽ የ911ን አካል ሙሉ በሙሉ በዚንክ መለበጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1976 ሞዴል ነው፤ የእኛው መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ የ911 ማሞቂያ አየሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባው በዚያው በበሩ ሥር ባለው አካል በኩል ነው። ስለዚህ መኪናው ከጎርፍ ከወጣ በኋላ ማሞቂያውን ስትከፍቱ የሚመጣው ሽታ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ከውጭ ሲታይ ግን ቀለሙ እንደ መስታወት ነው። ውስጡን ለቄስ ማለት ይሄ ነው።

የውሃው ዓይነት ወሳኝ ነው። የወንዝ ጎርፍና የባሕር ጎርፍ አንድ አይደሉም። የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው፤ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲነካኩና የጨው ውሃ መሃላቸው ሲገባ ደካማው ብረት መበላት ይጀምራል። ክላሲክ ስፖርት መኪና ላይ ይሄ መዓት ነው፣ ምክንያቱም ክብደት ለመቀነስ ሲባል ብረትን ከአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየምን ከማግኒዚየም ጋር አጣምረው ነው የሠሯቸው። የ1973ቱ 911 የሞተር ብሎክ ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም ደግሞ ከሁሉም ቶሎ የሚበላው ነው። ብሎኑ በተጣበቀበት ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ያ አቧራ አይደለም። ብረቱ ራሱ ነው የሚረግፈው።

«እሺ፣ ዝገት የማይነካው አካል ያለው ልግዛ» የሚል ሰው ኮርቬት ወደሚባለው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ይዞራል። የኮርቬት ልባስ ፋይበር ግላስ ነው፣ አይዝግም። ግን እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው ኮርቬት ሻንሲው ብረት ነው፤ በመስታወቱና በበሩ ዙሪያም ፋይበር ግላሱን የተሸከመ የብረት አፅም አለው። አፅሙ ሲዝግ ልባሱ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ከላሜራ መኪና ይልቅ ይሄኛው ይከፋል፤ ላሜራ ሲዝግ ቢያንስ ቀለሙ ያብጥና ያሳብቃል።

ከብረቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ስንመጣ፣ በክላሲክ መኪና ገንዘቡ ያለው ፋብሪካ እንደሠራው በመቆየቱ ነው። ያው የመጀመሪያው ቆዳ፣ ያው ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ገበታ)፣ ያው ሞተር ከነቁጥሩ። ውሃ ቀድሞ የሚበላው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የወንበሩ ሙሊት ይሻግታል፣ ክሩስኮቱ ላይ ያሉት የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያዎች ፊት ይጠቋቁራል። በአዲስ መተካት ይቻላል። የተተካው መኪና ግን ሲሸጥ የመጀመሪያውን ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ የጎርፍ ክላሲክ ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል፦ ስታሠሩት አንድ፣ ስትሸጡት ሁለት።

የሽቦውን ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ከክሩስኮት ሥር አንድ ሽቦ ምረጡና ጫፉን ሁለት ሳንቲ ሜትር ላጡት። ጤነኛ መዳብ ቀይ ሆኖ ያበራል። ጎርፍ ያገኘው ሽቦ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፣ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ውሃው ልክ እንደ ኩራዝ ክር በቀጫጭኑ መዳብ መሃል ተስቦ በፕላስቲኩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ጎርፉ ያልደረሰበት ከፍታ ላይም ሽቦው ተበልቶ ታገኙታላችሁ። ዛሬ መብራቱ ይበራል፣ ከስድስት ወር በኋላ አይበራም። ካልሆነም ይግልና እሳት ያስነሳል።

ሞተሩ ላይ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከውሃ ከወጣ በኋላ ዘይቱ በስንተኛው ቀን ወጣ? ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ በቀናት ውስጥ የፒስተኑን ቀለበቶች ከግድግዳው ጋር በዝገት ያጣብቃል። ውሃው እያለ ሞተሩን ለማስነሳት የሞከረ ካለ ደግሞ ባሰ፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፣ ፒስተኑ ሲገፋው የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ነው። ካምቢዮና (የማርሽ ሳጥኑና) ዲፈረንሻልም በመተንፈሻቸው በኩል ውሃ ይገባቸዋል። ዘይታቸው ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ነገሩ ግልጽ ነው። የፍሬን ዘይትማ ድሮም እርጥበት ይስባል፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።

ብዙ ገዢ የሚሸወደው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ 17 አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። እንደ ካርፋክስ ያሉት የመኪና ታሪክ አገልግሎቶች የሚሠሩት በዚያ ቁጥር ነው። የ1973ቱ መኪና ቁጥሩ አጭር ነው፣ ስታስገቡት ምንም አይወጣም። «ምንም አልወጣም» ማለት ደግሞ «ንጹህ ነው» ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ሊብሬ ማጠብ የሚሉት ነገር አለ፦ ሊብሬው (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይ «ጎርፍ» የሚል ምልክት ያለበትን መኪና ሕጉ ወደሚላላበት ሌላ ግዛት ወስዶ ማስመዝገብና ምልክቱ የሌለበት አዲስ ሰነድ ማውጣት። መድን ያልነበረው ባለቤት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ምልክቱ አይገባም፤ አጥቦ ይሸጠዋል፣ በቃ።

ጨረታው ራሱ ይሄን ሁሉ ያባብሰዋል። እንዲህ ያሉ መኪኖች የሚሸጡት «ባለበት ሁኔታ» ነው። መልሶ መስጠት የለም፣ ብዙ ጊዜ ነድቶ መሞከርም የለም። ባሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ የአጫራቹ ክፍያ ይጨመራል፤ ቶሎ ካላነሳችሁት የማቆያም ይመጣል። ከመጫረታችሁ በፊት የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሰዓቱ ሲቆጥር ጭንቅላት አይሠራም።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ በፍጹም አትግዙ አልልም። የወንዝ ውሃ ከሆነ፣ ከወንበሩ በታች ቆሞ ከሆነ፣ በሳምንት ውስጥ ተፈትቶ ከደረቀና ሥራው ደረጃ በደረጃ ፎቶ ከተነሳ እኔም አየዋለሁ። ለመለዋወጫ የሚገዛም አለ፤ በር፣ መስታወት፣ ጎማ ያለችግር ይወጣል። የጨው ውሃ ከሆነና ጣሪያው ድረስ ከደረሰ ግን እንዲሁ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም።

በአካል ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ ቀለሙን ተዉት። ምንጣፉን አንሱና ወንበሩ የታሰረባቸውን ብሎኖች እዩ፤ አጣቢው እዚያ ድረስ አይወርድም። የበሩን ውስጠኛ ልባስ ማላቀቅ ከፈቀዱላችሁ በላሜራው ላይ ውሃው የቆመበትን መስመር ፈልጉ። ከዚያ የፊት መብራቱን አስፈቱና በጀርባው በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ጣታችሁን አስገቡ። እዚያ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካገኛችሁ ውሃው ምን ያህል ከፍታ እንደደረሰ አወቃችሁ፤ የሻጩን ታሪክም እዚያው ማመሳከር ትችላላችሁ።