የዪን መስታወት ሩቅ አይደለም

«ዪን ጂየን ቡ ዩዋን» ይላሉ ቻይናውያን። የዪን መስታወት ሩቅ አይደለም ማለት ነው። አባባሏ የምትነገረው፣ ለምሳሌ አንድ ሹመኛ በጉቦ ዘብጥያ ወርዶ የተተካው ሰው ያንኑ ሥራ ሲጀምር ነው። ትናንት እዚሁ አጠገብህ የሆነውን አላየህም ወይ ነው ነገሩ። እኛ ብልህ ከሌላው ሞኝ ከራሱ ይማራል እንላለን፤ የነሱ ግን ከነገሥታት ጣጣ የመጣች ናት።

ዪን የሻንግ ሥርወ መንግሥት ሌላ ስሙ ነው። ሙሉው አባባል «የዪን መስታወት ሩቅ አይደለም፤ ያለው በሺያ ዘመን ነው» ይላል። ሺያ ደግሞ በቻይና ትውፊት የመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት ሲሆን፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጂዬ ጄንሹን በምትባል መናገሻው ተቀምጦ ራሱን ከፀሐይ ጋር ያስተካክል ነበር ይባላል። ሕዝቡ ታዲያ ምን አለ? «ይህች ፀሐይ መቼ ነው የምትጠፋው? እኛም አብረንሽ እንጥፋ!» ሰው እዚህ ከደረሰ መንግሥት አለቀለት። ሻንግ ጂዬን ገልብጦ ነገሠ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሻንግም የመጨረሻ ንጉሥ እንደ ጂዬ ሆነና ጆው የሚባሉት ገለበጡት።

ጄንሹን የት ነበረች? እ.ኤ.አ. በ1959 ሹ ሹሸንግ የተባሉ ሽማግሌ ምሁር የሺያን ፍርስራሽ ፍለጋ ሄናን ውስጥ ሲዞሩ፣ ሉዎያንግ አቅራቢያ ኤርሊቶው የምትባል መንደር ደረሱ። እዚያ የተቆፈረው ጉድ የሚያሰኝ ነው፦ ቤተ መንግሥት፣ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው መንገድ፣ የነሐስ ማቅለጫ፣ ከ2,000 በላይ የተርኮይዝ ድንጋይ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተሠራ ዘንዶ። ብዙ የቻይና ምሁራን ጄንሹን ይህች ናት ይላሉ። ግን የከተማዋን ስም የሚናገር አንድም ጽሑፍ አልተገኘም፤ ሹ ራሳቸው እንኳ መጀመሪያ የገመቱት የሻንግ ከተማ ናት ብለው ነበር። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

አባባሏ የተወሰደችው ከጥንቱ የቻይና የግጥም መድበል ነው። ግጥሙ ሻንግን የሚወቅሰው በጆው ንጉሥ በዌን አፍ ነው፤ ማለትም የሞተ ሰው ሞቶ ያለቀለትን መንግሥት ይገሥጻል፣ ማንም አይከፋውም። የጥንት ተንታኞች ግን ገጣሚው የወጋው በራሱ ዘመን የነገሠውን የጆውን ንጉሥ ሊን ነው ይላሉ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ ሰሙ ሻንግ፣ ወርቁ ሊ። በግልጽማ እንዴት ይናገር? ሊ ያማውን ሁሉ በሰላይ እያስለቀመ ስለሚያስገድል፣ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ በዓይን ብቻ ይጠቃቀስ ነበር ይባላል። በመጨረሻ ሕዝቡ ተነሥቶ ከዙፋኑ አባረረው፣ በስደት እንዳለም ሞተ። የተባረረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ841 ሲሆን፣ የቻይና ታሪክ ዓመት በዓመት በእርግጠኝነት መቆጠር የሚጀምረውም ከዚያው ዓመት ነው።